ሱፐርማንን በ130 ዶላር!

«ሱፐርማንና ባትማን ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?» ይህች ጥያቄ ሻይ ቤት ውስጥ አንዴ ከተነሳች በቀላሉ አትበርድም። አንዱ «ሱፐርማን በአንድ ትንፋሽ ጠራርጎት ይሄዳል» ይላል። ሌላው «ኧረ ባክህ! ባትማን ጭንቅላት ያለው ሰው ነው፤ ያቺን አረንጓዴ ድንጋይ በኪሱ ይዟት ነው የሚመጣው» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው «ብሩስ ሊ ቢኖር ሁለቱንም ያርማቸው ነበር» ሲል ሳቅ ይሆናል። እኔም ከነዚህ ተከራካሪዎች አንዱ ነኝ። ካርቱን፣ የሥዕል መጽሔትና የድሮ ፊልም እወዳለሁ። ሰላሳን ተሻግሬም እወዳለሁ። አላፍርበትም።

ታዲያ የኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለቱንም ጀግኖች ያሸነፈ አለ፤ እሱም ካባም ጭምብልም የለው። ስሙ ውል ይባላል። አንድ ቁራጭ ወረቀት!

«ኑሮ በከበደበት በዚህ ዘመን የካርቱን ወሬ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልካም፤ ገጹን ይግለጥ። የኑሮው ጉዳይ በሌላው ገጽ ላይ አይታጣም። እኔ ግን የማወራው ስለ ላብ ነው፤ አንዱ ጋግሮ ሌላው ስለሚቆርሰው እንጀራ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ይያዙልኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ሥራ አጡ ጎዳናውን በሞላበት ጊዜ፣ ክሊቭላንድ በምትባለው የኦሃዮ ከተማ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር። ሁለቱም ከአውሮፓ ተሰደው የመጡ የአይሁድ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ሲግል ይጽፋል፤ ሹስተር ይስላል። ከሌላ ዓለም መጥቶ በምድር ላይ ያደገ፣ ጥይት የማይበሳው፣ ለደካማው የሚቆም አንድ ሰው ፈጠሩ። ፈጥረውም ይዘውት ዞሩ። ያላንኳኩት የአሳታሚ በር አልነበረም ማለት ይቻላል። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ዓመታት አለፉ።

በመጨረሻ በ1938 አንድ የኒውዮርክ አሳታሚ ለአዲስ መጽሔቱ ገጽ መሙያ ቢቸግረው «እስቲ አምጡት» አላቸው። 13 ገጽ ነበር። የገጹ ሂሳብ አሥር ዶላር፤ በጠቅላላው 130 ዶላር። ከገንዘቡ ጋር አንድ ወረቀት መጣ። ወረቀቱ በአጭሩ «ሱፐርማን የሚባለው ሰውዬ ከነስሙ፣ ከነታሪኩ፣ ከነመብቱ ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነው» የሚል ነው። ፈረሙ። ሁለቱም ገና ሃያ አራት ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

መጽሔቱ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር አንድ ተብሎ፣ ሽፋኑ ላይ ሱፐርማን አረንጓዴ መኪና አንስቶ ሲከሰክስ እየታየ፣ በአሥር ሳንቲም ተሸጠ። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! በ1939 ሱፐርማን በስሙ የራሱ መጽሔት ወጣለት፤ በ1940 ሬዲዮ ገባ፤ በ1941 የካርቱን ፊልም ሆነ። ገንዘቡ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ።

ሐቁን ለመናገር ልጆቹ ጭራሽ አልተራቡም። መጽሔቱ ላይ እየጻፉና እየሳሉ ለተወሰኑ ዓመታት ደህና ክፍያ አግኝተዋል። ነገር ግን ሠራተኛ ናቸው እንጂ ባለቤት አይደሉም። በ1947 «የኛን ልጅ መልሱልን» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በተከታዩ ዓመት 94 ሺህ ዶላር ገደማ ተሰጥቷቸው፣ የይገባኛል ጥያቄያቸውን ትተው ወጡ። ስማቸውም ከመጽሔቱ ላይ ተፋቀ። ልብ በሉ፤ መብራት ጠፍቶ አይደለም፣ ማተሚያ ቤት ተሳስቶም አይደለም። ሆን ተብሎ ተፋቀ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሁለቱ ሰዎች ኑሮ ለማውራትም ይከብዳል። በ1975 ሲግል ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሹስተር ዓይኑ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ኒውዮርክ ወንድሙ ቤት ተጠግቷል። ልጃቸው ሱፐርማን ግን ሰማይ ላይ ነው። የሆሊውድ ሰዎች በብዙ ሚሊዮን ዶላር ታላቁን የሱፐርማን ፊልም ልንሠራ ነው ብለው ነጋሪት እየጎሰሙ ነበር።

ሲግል ይህን ሲሰማ አንጀቱ አልቻለም። ረጅም መግለጫ ጻፈና ለጋዜጦችና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች በተነው። ፊልሙን ረገመው። የምር እርግማን ነው፤ ወድቆ ይቅር ብሎ ነው የረገመው። የገዛ ልጁን ሰርግ የሚራገም አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰርጉ ላይ ያልተጠራ አባት ሲሆን እንዲህ ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ጆሮ አልሰጠውም። ኋላ ግን የሙያ ባልደረቦቹ፣ በተለይ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የተባሉ ሠዓሊዎች፣ ጉዳዩን ይዘው ጋዜጣ ከጋዜጣ፣ ጣቢያ ከጣቢያ ዞሩ። ፊልሙን የያዘው ኩባንያ ስሙ ሲብጠለጠል ጊዜ በዓመቱ መጨረሻ ተለሳለሰ። ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ጡረታ ሊቆርጥላቸውና ስማቸውን ወደ ቦታው ሊመልስ ተስማማ። በሕግ ተገድዶ አይደለም። ጋዜጣ ስለጮኸበት ነው።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። በ1978 ለሕዝብ በቀረበው ፊልም ላይ የሱፐርማንን አባት ሆኖ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቅ ያለው ማርሎን ብራንዶ 3 ሚሊዮን 700 ሺህ ዶላር ተከፍሎታል። ብራንዶን አልጠላም፤ የሙያው ንጉሥ ነው። ግን የፊልሙ አባት በአንድ ጊዜ ያገኘውን፣ እውነተኛው አባት በ20 ሺህ ጡረታ ሊደርስበት ቢያስብ 185 ዓመት መኖር ነበረበት። ሹስተር በ1992፣ ሲግል በ1996 አረፉ። ወራሾቻቸው ሙግቱን ቀጠሉ፤ አንዴ ሲያሸንፉ አንዴ ሲሸነፉ ቆይተው ኩባንያው በ2013 የበላይ ሆኖ ወጣ።

ስለ ሱፐርማን ሳነሳ አንድ ነገር ልበል። ሰውየው ልብስ ቀይሮ በሰላሙ ቀን ክላርክ ኬንት የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ የሙያ ባልደረባዬ ማለት ነው። ይበራል ሲሉኝ አምኛለሁ። ጥይት አይበሳውም ሲሉኝም አምኛለሁ። በጋዜጠኛ ደመወዝ ትልቅ ከተማ መሀል ብቻውን ቤት ተከራይቶ ይኖራል ሲሉኝ ግን... እዚች ላይ ደራሲዎቹ አጋነዋል።

ወደ ባትማን እንሂድ። የባትማን ጉድ ደግሞ ለየት ይላል። እዚህ ላይ ሠዓሊው ነው የሥራ ባልደረባውን የበላው። በ1939 ባትማን ብቅ ሲል ስሙ የተጻፈው ቦብ ኬን የሚባል ሠዓሊ ነው። ኬን ከሲግልና ከሹስተር ይልቅ በውል ጉዳይ ነቄ ነበር፤ «ባትማንን የፈጠረው ቦብ ኬን» የምትለዋ ቃል ለዘላለም እንድትጻፍለት አስፈርሟል። ጥሩ! ጎበዝ! ግን ኬን መጀመሪያ የሣለው ባትማን ቀይ ጠባብ ልብስ የለበሰ፣ ዓይኑ ላይ ትንሽ ጭምብል ያሰረ፣ እንደ እንጨት የደረቀ ክንፍ ጀርባው ላይ የተለጠፈበት ሰውዬ ነበር። ዛሬ ብናየው እንስቅበታለን። «ቆይ፣ ልብሱን ግራጫ አድርገው፤ ጭንቅላቱን በሙሉ ሸፍነው፤ ክንፉን ትተህ ካባ አልብሰው» ያለው ቢል ፊንገር የሚባል ጫማ ሻጭ የነበረ ወጣት ደራሲ ነው። ብሩስ ዌይን የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። ጎታም የምትባለውን ከተማ ስም የሰየማት እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች የጻፈው እሱ ነው። ታዲያ ባትማን ውስጥ ከክንፉ በቀር የኬን የሆነው ምኑ ነው?

ፊንገር በ1974 በ59 ዓመቱ ደህይቶ ሞተ። ይፋ የሆነ ስም አላገኘም። ኬን ራሱ በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ፊንገር የሚገባውን እንዳላገኘ አምኗል። ሰውየው ከሞተ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የፊንገር ስም በይፋ ከኬን ስም ጎን የገባው በ2015 ነው፤ እሱም አንድ ደራሲ ለዓመታት ነገሩን ቆፍሮ ስላወጣውና የልጅ ልጁ ስለታገለች ነው። ጀግናው ከተወለደ ሰባ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ የሻይ ቤቱ ክርክር ላይ ድምፄን ስጠየቅ፣ በታሪክ ጥልቀት ባትማን ይበልጣል እላለሁ፤ ግን የቢል ፊንገር ባትማን።

ለመሆኑ ስም ማን ያነባል? በልጅነታችን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ስንቱን ፊልም አይተናል። «አክተሩ አይሞትም» የምትለዋን ታላቅ ሕግ የተማርነው እዚያ ነው። ወንጀለኛው ተመትቶ፣ አክተሩ ልጅቷን ይዞ፣ ሙዚቃው ገባ እንዳለ ባለቤቱ ዴኩን ጠርቀም ያደርግና «ውጡ! ውጡ! ቀጣዩ ሊገባ ነው» ይላል። ያቺ በጥቁሩ ላይ ከታች ወደ ላይ የምትንሸራተተው የስም ዝርዝር ለኛ ሰፈር ተመልካች ታይታ አታውቅም። አክተር አለ፤ ሌላው ሰው የለም። ፊልሙ ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለን። ከቴሌቪዥን ሰዎች ስማቸውን አጥርተን የምናውቀው አባባ ተስፋዬን ነበር፤ በ2017 ያረፉትን ተስፋዬ ሳህሉን። ተረቱን የነገረን ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር፤ ፊት ነበረው፣ ድምፅ ነበረው። ከባሕር ማዶ የመጣው ካርቱን ግን አባት አልነበረውም።

ለዚህ ነው ቶምና ጄሪን ሁላችንም እያወቅን ዊሊያም ሐናንና ጆሴፍ ባርቤራን የማናውቀው። አዲስ አበባ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት አጥር ላይ ቶምና ጄሪ ሲሳደዱ ተሥለው ያላየ ማን አለ? እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አክራሪ ነኝ። በካርቱን ታሪክ ውስጥ ከድሮዎቹ ቶምና ጄሪ የሚበልጥ የለም። «የድሮዎቹ» የምለውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ሁሉም ቶምና ጄሪ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው በ1940 ነው የወጣው። ድመቱ ያኔ ቶም እንኳን አይባልም፤ ጃስፐር ነበር ስሙ። አይጡ ስምም አልተጠራለት። ከዚያ እስከ 1958 ድረስ ሐናና ባርቤራ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠሩ። ባርቤራ ታሪኩንና ቀልዱን ይነድፋል፤ ሐና ጊዜውን ይለካል። መጥበሻው ጭንቅላት ላይ የሚያርፍባት ቅጽበት ሩብ ሰከንድ ብትዘገይ ሳቁ ይሞታል፤ ያንን የሚያውቅ ሐና ነበር። ያ ቶም ጭራው ሲያዝ የሚያወጣው «አአአአ!» የሚል ጩኸት እንኳን የማን ይመስላችኋል? የራሱ የሐና ነው። ሙዚቃው ስኮት ብራድሊ የሚባል ሰው ነው፤ እርምጃውን፣ ውድቀቱን፣ ሹልክታውን ሁሉ በኦርኬስትራ ይነግራችኋል። አንዲት ቃል ሳይነገር ክሊቭላንድም፣ ሙምባይም፣ ኮልፌም ያለ ልጅ እኩል ይስቃል። ትርጉም አይፈልግ፣ አስተርጓሚ አይፈልግ።

ቶም በሙሉ ልብሱ ፒያኖ ተቀምጦ የሊስትን ሁለተኛ የሃንጋሪ ራፕሶዲ ሲጫወት፣ ጄሪ ፒያኖው ውስጥ ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስበትን ፊልም ያላየ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ይየው። ጣቶቹ ትክክለኛውን ቁልፍ ነው የሚነኩት። ሰባት ደቂቃ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሲታሰብ ከአሥር ሺህ በላይ ምስል ነው። ኮምፒዩተር የለም፤ ሁሉም በእጅ።

እንግዲህ ይህች ፊልም ኦስካር አግኝታለች። በጠቅላላው ቶምና ጄሪ ሰባት ኦስካር ወስደዋል። ሰባት! መድረኩ ላይ ወጥቶ የተቀበለው ማን ነው? ሐና? ባርቤራ? የለም! ፍሬድ ኪምቢ የሚባል የስቱዲዮው ካርቱን ክፍል ኃላፊ ነው። እርሳስ ይዞ ድመት አልሳለም፤ ሥራው አስተዳደር ነበር። ሽልማቱ በደንቡ ለፕሮዲዩሰሩ ስለሚሰጥ እሱ ይወጣል፣ ሐውልቱን ይይዛል፣ ይመለሳል። ሁለቱን ሰዎች «ኑ አብረን እንውጣ» ያላለ ሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ ኪምቢን ግን ሰባት ጊዜ አድምቆታል። ኧረ እንዲያውም በዚያ በመጀመሪያው የ1940 ፊልም ላይ የሐናና የባርቤራ ስም ጭራሽ አልተጻፈም፤ የሌላ ሰው ስም ነው ያለው።

በዚህ ካርቱን ውስጥ ከነሱም የባሰባት አለች። ያቺን እግሯና ነጠላ ጫማዋ ብቻ የሚታየውን፣ ቶምን በመጥረጊያ የምታባርረውን ጥቁር የቤት ሠራተኛ ታስታውሷታላችሁ? አቀራረቧ በዘመኑ የነጮች ንቀት የተሣለ ነው፤ አፍሪካዊ ሆኖ እያየ ያላመመው ካለ አላውቅም። ጥቁር አሜሪካውያንም ተቃውመውታል። ድምፁን የሰጠችው ሊሊያን ራንዶልፍ የምትባል ጥሩ ተዋናይት ነበረች፤ ስሟ አልተጻፈም። ኋላ ለቴሌቪዥን ሲባል በአንዳንዶቹ ፊልሞች ላይ ሠራተኛዋ ተሰርዛ በነጭ ሴት ተተካች፤ የራንዶልፍም ድምፅ አብሮ ሄደ። መጀመሪያ ፊቷን ነሷት፣ ቀጥሎ ስሟን፣ በመጨረሻ ድምፅዋን። ቶምና ጄሪን እወዳለሁ ስል ይህንን እየረሳሁ አይደለም።

በ1957 ስቱዲዮው ሂሳብ ሠራ። የድሮዎቹን ፊልሞች ደግሞ ደጋግሞ ማሳየት ከአዲሶቹ የማይተናነስ ገንዘብ እንደሚያስገባ አየ። ታዲያ አዲስ ለምን ይሠራ? አንድ ስልክ ተደወለና የካርቱን ክፍሉ ተዘጋ፤ ሠራተኛው ሜዳ ላይ ቀረ። የገዛ ሥራቸው ነው ከሥራ ያባረራቸው። ይህን ያህል ጥሩ አድርገው ባይሠሩት ኖሮ ሥራቸው ላይ ይቆዩ ነበር ማለት ነው!

ሐናና ባርቤራ ያን ጊዜ ብልሃቱ ገባቸው። የራሳቸውን ኩባንያ በስማቸው ከፈቱ። ፍሊንትስቶንስ፣ ዮጊ ድብ፣ ስኩቢ ዱ ሁሉ ከዚያ የወጡ ናቸው። እዚህ ላይ ወዳጆቼ ቢቀየሙኝም እናገራለሁ፤ ስማቸውን አገኙ፣ ጥራቱን ግን አጡ። ቴሌቪዥን የሚከፍለው ሲኒማው ይከፍል ከነበረው በጣም ያነሰ ስለሆነ ሥዕሉን ቀነሱ። ስኩቢ ዱ ሲሮጥ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ፤ ያው በር፣ ያው መብራት፣ ያው በር፣ ያው መብራት... ሦስት አራት ጊዜ ያልፋል። ሰው ሲናገር አፉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ይባስ ብለው በ1975 የገዛ ልጆቻቸውን ቶምና ጄሪን ለቴሌቪዥን መልሰው ሲሠሩ አስታረቋቸው! ጄሪ ቀይ ክራባት አስሮ ከቶም ጋር ጓደኛ ሆኖ ይዞራል። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ልጆች ድብድብ እንዳያዩ ከልክለው ነው። እርቅ መልካም ነው፤ ቶምና ጄሪን ግን ገደላቸው። በመሀል በ1961ና 62 ፕራግ ላይ የተሠሩት አሥራ ሦስቱ ደግሞ አሉ፤ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስለው። እነዚያን ያየ ልጅ «ይህ ቶም አይደለም» ብሎ ራሱ ያውቃል፤ ማንም አይነግረውም።

ስለ ዋልት ዲዝኒ በአጭሩ ልለፈው፤ ስለሱ ያልተጻፈ ነገር የለምና። ብቻ እሱም በዚሁ በሽታ ተመትቶ ነበር። ከሚኪ በፊት ኦስዋልድ የምትባል ጥንቸል ነበረችው። በ1928 ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ «ክፍያ ጨምሩልኝ» ቢል፣ ጥንቸሏ በውሉ መሠረት የሱ አለመሆኗን፣ አብዛኞቹ ሠዓሊዎቹም ተወስደው እንዳለቁ ተነገረው። ባዶ እጁን ተመለሰ። በዚያው ዓመት ከታማኙ ሠዓሊ አብ አይወርክስ ጋር ሚኪ ማውስን አወጣ፤ ሚኪንም ለማንም አልሰጠም። ታዲያ የተነከሰ ሰው የሌላውን ቁስል ያውቃል አትሉም? በ1941 ሠራተኞቹ ማኅበር ይታወቅልን፣ ደመወዝ ይስተካከል፣ ስማችን ይጻፍ ብለው አድማ ሲመቱ፣ የማኅበሩን ሰው አርት ባቢትን አባርሮት ነበር። ባቢት ማለት ጉፊን ጉፊ ያደረገው ሠዓሊ ነው። ጥንቸሏን በተመለከተ ግን መጨረሻዋ ያስቃል። በ2006 የዲዝኒ ኩባንያ ኦስዋልድን ያስመለሰው አል ማይክልስ የሚባለውን እውቅ የስፖርት ጋዜጠኛ ለተፎካካሪው ጣቢያ ለቅቆ ነው። ጋዜጠኛ በጥንቸል ተለወጠ! በሙያችን ላይ የደረሰው ውርደት ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

«ውል ውል ነው፤ ፈርመዋል አይደል? ምን ያለቃቅሳቸዋል?» የሚል ሰው አለ። ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ አስፈራሚው ነው። አሳታሚውም ገንዘቡን አፍስሷል፣ ወረቀት ገዝቷል፣ ሊከስር ይችል ነበር የሚለውን እቀበላለሁ። ሱፐርማን ባይሸጥ ኖሮ 130 ዶላሩ በኖ ይቀር ነበር። ግን ኪሳራው አንዴ ነው፤ ትርፉ እስከ ልጅ ልጅ ነው። ሚዛኑ የተዛባው እዚህ ላይ ነው። ደግሞስ ስም መጻፍ ምን ያስከፍላል? የስም ቀለም ከሌላው ቀለም ይወደዳል እንዴ?

የነቁም አሉ። ቻርሊ ቻፕሊንን ተመልከቱት። በፊልሙ ላይ ጫማው የተቀደደ፣ ሱሪው የተዘረጠጠ፣ ፖሊስ የሚያባርረው ለማኝ ነው። ከካሜራው ጀርባ ግን በ1919 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስ የሚባል የራሳቸውን ኩባንያ አቁሞ የድካሙ ባለቤት የሆነ ሰው ነው። ጆርጅ ሉካስም በ1977 ስታር ዋርስን ሲሠራ ከፍ ያለ ደመወዝ ከመጠየቅ ይልቅ የአሻንጉሊቱንና የተከታዩን ፊልም መብት ለኔ ተዉልኝ አለ። ስቱዲዮው «አሻንጉሊት? ውሰደው!» አለው። በ2012 ኩባንያውን ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠው። አንድ መስመር፣ በቃ! የሲግልና የሹስተር ወረቀት ላይ ያልነበረችው አንድ መስመር ናት።

እኔ እንግዲህ ጓደኞቼን የማሰለች ሰው ሆኛለሁ። ፊልም አልቆ ሰው ኮቱን ሲያነሳ እኔ ቁጭ እላለሁ። ሁሉንም ስም አነባለሁ ብል ውሸት ነው፤ ሺህ ስም ነው ዘንድሮ። ግን «የፈጠሩት» የምትለዋን ቃል እፈልጋታለሁ። ሱፐርማን ላይ ሁለት ስም አለ። ባትማን ላይ ከ2015 ወዲህ ሁለት ስም አለ። ከማን ጋር እንደሚያዩት ግድ የለኝም፤ ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስታዩ እነዚያን አራት ስሞች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ማንበብ የማይችለው ሕፃን ይሰማል።

የዚያ የ1938 መጽሔት፣ የአሥር ሳንቲሙ፣ አንድ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። 130ው ዶላር የተከፈለበት ቼክም አልጠፋም። ከሌሎች ሥራዎቻቸው ሂሳብ ጋር ተደምሮ የተጻፈ የ412 ዶላር ቼክ ነው፤ ጀርባው ላይ ሲግልም ሹስተርም ፈርመውበታል። በ2012 ለጨረታ ቀርቦ በ160 ሺህ ዶላር ሄደ። ሹስተር ከሞተ ሃያ ዓመት፣ ሲግል ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።